ከመኪናው ዋጋ ጎን ሞተሩ የሚያዞረው ጎማም ይጻፍልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። ደንበኛ ሲገባ አጥፌ አስቀምጣለሁ፤ ሲወጣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ስለ መኪና ገበያ የምታወጡትን ገጽ ከአንድ ዓመት ወዲህ ሳላነብ ያለፍኩበት ሳምንት የለም፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ጊዜ እኔና ባለቤቴ በሁለት መኪናዎች መካከል ስንዋልል ነበር። ገጹ የመኪናውን ስም፣ የተሠራበትን ዘመን፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትርና የተጠየቀበትን ዋጋ ይነግረኛል። ልገዛ ስነሣ ከሁሉ በላይ ያስፈልገኝ የነበረውን ነገር ግን አንድም ቀን አላገኘሁበትም፤ ሞተሩ የሚያዞረው የትኛውን ጎማ እንደሆነ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይህ እንዲጨመርልን ለመጠየቅ ነው። ለምን እንደምጠይቅ ግን በቤቴ የሆነውን ሳልናገር ማስረዳት አልችልም።

ሁለቱ መኪናዎች ቶዮታ ራሽና ሱዙኪ ቪታራ ናቸው። ሁለቱም በቤንዚን የሚሠሩ፣ ከትንሽ የከተማ መኪና ከፍ፣ ከላንድክሩዘር ዝቅ ያሉ ናቸው። የራሹ ሞተር 1,500 ሲሲ፣ የቪታራው 1,600 ሲሲ ስለሆነ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እንኳን በሞተር መጠን የሚመድባቸው ከ1,300 እስከ 1,800 ሲሲ ባለው አንድ እርከን ውስጥ ነው። እኛ ባየናቸው መኪናዎችም ዘመናቸው ሲቀራረብ የተጠየቀባቸው ዋጋ ይቀራረብ ነበር። ታዲያ ሰው ልዩነታቸውን የሚፈልገው በስማቸው ነው። አንዱ ቶዮታ ነው፣ ሌላው አይደለም፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል።

የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ መኪና የሚገኘው ከሰው እጅ ነው። አዲስ አይመጣም፤ ያለው ይዘዋወራል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመኪናው ዋጋ እኛ ካጠራቀምነው ቀድሞ ሮጠ። ለዚህ መኪና ያስቀመጥነው የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባችንን ነው። በመድኃኒት ሥራ ስህተት ምን እንደሚያስከትል ስለማውቅ ይሆናል፣ ይህን ገንዘብ የሰው አፍ ብቻ አምኜ ማውጣት አልሆን አለኝ።

መኪናው ያስፈለገን ለእናቴ ነው። እናቴ የምትኖረው በሁላ ወረዳ፣ ከሀገረ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከሐዋሳ ተነሥተን በአፖስቶና በአለታ ወንዶ በኩል እንሄዳለን፤ ሐይቁ ዳር ከ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ የጀመርነው መንገድ ሀገረ ሰላም ስንደርስ ከ2,700 ሜትር በላይ ያወጣናል። ከሐዋሳ በአጭር እጅጌ የወጣ ልጅ እዚያ ሲደርስ ጋቢ ይጠይቃል። አስፋልቱን ስንጨርስ ወደ እናቴ ደጅ የሚያስገባ ጥርጊያ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ እንሰትና ቀርከሃ ነው፤ መሐሉ ቀይ አፈር። በበጋ ያው አቧራ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ያ አፈር እንደ ረጠበ ሳሙና ይሆናል። ከድልድዩ በኋላ ያለችውን አንዲት ዳገት ለመውጣት የተሳፈርንበትን መኪና ወርደን ያልገፋንበት ክረምት የለም።

ካቻምና እናቴ ጓሮ እንሰት ልትቆርጥ ወጥታ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ለክትትል ግን በየጊዜው ሐዋሳ መምጣት አለባት። ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ አራተኛ ሆና፣ ያን እግሯን አጥፋ ስትመጣ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ሦስተኛ ማየት አልፈለግሁም።

«ታዲያ ለምን የኤሌክትሪክ መኪና አትገዙም?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኑሮዬ ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ባለው ሜዳ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላመነታም ነበር። እናቴ ጋ ግን መብራት እንደ ልቡ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ታማሚ ልወስድ ሄጄ መብራት እስኪመጣ ልጠብቅ አልችልም።

የመጀመሪያውን መኪና ያሳየን አንድ ደላላ ነው። ነጭ ራሽ ነበር፤ ንጹሕ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳን ያልተነሣ። የምነዳው እኔ መሆኔን ሁለት ጊዜ ብነግረውም ደላላው የሚናገረው ለባለቤቴ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ፎር ዊል ነው! ቁመቱን ይዩት፤ የትም ይገባል። ቶዮታ ደግሞ ወርቅ ማለት ነው፤ ነገ ልሽጠው ቢሉ ነገ ይሸጣል» አለ። ባለቤቴ ፊት ላይ ደስታ አየሁ። እኔም ብሆን ልቤ ወደደው።

ቤተሰባችን የሚያውቀውን አንድ የቆየ መካኒክ ይዘን ነበር የሄድነው። ስድሳውን የተሻገረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ኮፈኑን አላስከፈተም፤ የኪሎ ሜትሩንም ቁጥር አላየም። ካርቶን አነጠፈ፤ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ጥቂት ቆይቶ «ነይ ልጄ፣ ራስሽ እዪው» አለኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበረከክሁ፤ ጉንጬን መሬት ልነካ እስክደርስ አጎነበስኩ። በእጅ ባትሪው ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ወፍራም ዘንግ አበራልኝ፤ ዘንጉ በኋላ ጎማዎቹ መሐል ካለው፣ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች ከሚያካፍለው ዲፍረንሻል ጋር ይገናኛል። ቀጥሎ ብርሃኑን ወደ ፊት ጎማዎቹ አዞረው። የመሪው ክንድ አለ፣ ፍሬኑ አለ፣ ሞላው አለ። ጎማውን የሚያዞር ዘንግ ግን የለም፤ ቦታው ባዶ ነው፣ ከወዲያ ማዶ የቆመውን የደላላውን ጫማ አየሁበት። «ይህ ፎር ዊል አይደለም» አለና ወጥቶ ካርቶኑን አጣጠፈ።

ደላላውን ውሸታም ልለው አልፈልግም፤ የተሳሳተበት ምክንያት አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 የወጣው የቀድሞው ራሽ ጃፓን ውስጥ አራቱንም ጎማ የሚያዞር ዓይነት ነበረው፤ ወሬው ከዚያ ተርፎ የመጣ ይመስለኛል። በዚያው አቆጣጠር በ2017 መጨረሻ የተተካው አዲሱ ራሽ፣ ኢንዶኔዢያ ውስጥ በዳይሃትሱ ፋብሪካ ከመንትያው ከቴሪዮስ ጋር አብሮ የሚሠራው፣ የሚያዞረው የኋላ ጎማውን ብቻ ነው። አራቱን የሚያዞር ዓይነት የለውም። ሆዱ ከመሬት 22 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ይህ እውነተኛና የሚያስመሰግን ቁመት ነው። ቁመት ግን ድንጋይ ያሻግራል እንጂ ከጭቃ አያወጣም፤ ከጭቃ የሚያወጣው የሚዞረው ጎማ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቪታራ አየን። ሃንጋሪ የተሠራ ቀይ መኪና፤ ከራሹ አጠር ያለ፣ መሪው ለእጄ የቀለለ። ገና ስነዳው ተስማማኝ። መካኒኩ ግን እንደ ልማዱ ካርቶኑን ዘረጋ፤ እዚህ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ዘንጉ የሚሄደው ወደ ፊት ጎማዎች ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ምንም የለም። «ለዚያች ዳገት ከሆነ ከዚህ ይልቅ ራሹ ይሻልሻል» አለኝ። ያን ቀን ምክንያቱን ሲነግረኝ ቆመን ያመሸንበትን የጋራዥ ደጅ አልረሳውም። ዳገት ላይ የመኪናው ክብደት ወደ ኋላ ያጋድላል። የሚዞረው የኋላው ጎማ ከሆነ ክብደቱ ያንኑ ጎማ መሬት ላይ ይጫነዋል፤ የሚዞረው የፊቱ ከሆነ ግን ሥራ ያለበት ጎማ ይቀልና እዚያው ጭቃው ላይ ይሽከረከራል። ራሹም የራሱ ችግር አለው፤ ባዶውን ሲሄድ ጀርባው ስለሚቀል ጭቃ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ነገር ከስምም ከቁመትም ማወቅ አይቻልም።

እኔ የምፈልገው ቪታራ ሌላ ኖሯል። ከውጭ ሲታይ ከቀዩ ጋር አንድ ነው፤ ቀለሙም ቅርጹም ያው። ልዩነቱ ከማርሹ ዘንግ አጠገብ፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለች አንዲት ክብ መዘውር ናት። ኦቶ፣ ስፖርት፣ ስኖው እና ሎክ የሚሉ አራት ቃላት ተጽፈውባታል። ይህች መዘውር ያለችበት ቪታራ፣ ሱዙኪ ኦልግሪፕ የሚለው፣ የፊቱ ጎማ ሲሾልክበት ጉልበቱን ወደ ኋላም ይልካል። መዘውሯ የሌለችበት በሁለት ጎማ ብቻ ይኖራል። በዚህ ላይ ቪታራ ብሬዛ የሚባል ሕንድ የተሠራ መኪና አለ፤ ርዝመቱ አራት ሜትር የማይሞላ፣ የፊት ጎማ ብቻ የሚያዞር ሌላ መኪና ነው። ማስታወቂያው «ቪታራ፣ በጥሩ ይዞታ» ብሎ ሲያበቃ ገዢው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይወቅ? ከሻሸመኔ ወይም ከዲላ ድረስ የትራንስፖርት ከፍሎ መጥቶ፣ አጎንብሶ አይቶ ካልሆነ በቀር?

ባለቤቴ ራሹን የወደደው ግን በደላላው ቃል ብቻ አልነበረም። ራሹ ሰባት ሰው ይይዛል። እኛ ሁለት፣ ልጆቻችን ሦስት፣ እናቴና እሷን የምትረዳት የእህቴ ልጅ ሲጨመሩ ሰባት ነን። ቪታራው የሚይዘው አምስት ነው። «እናትሽን ልናመጣ ሄደን ልጆቹን የት እንጥላቸዋለን?» አለኝ። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቀን ይዞኝ ከርሟል።

ስለዚህ ተመልሼ ሄጄ ነጩን ራሽ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ገባሁበት። የመካከለኛውን ወንበር አጥፌ፣ ተሻግሬ ተቀመጥኩ። ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ ወደ ደረቴ ወጣ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላውና ከአባቱ የረዘመው ልጄ እዚህ ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ በዓይኔ መጣብኝ። ከዚያ ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩ። ሦስተኛው ረድፍ ቆሞ ሳለ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ከእናቴ ቤት ባዶ እጅ የተመለሰ ሰው የለም፤ ቆጮው፣ ቅቤው፣ ድንቹ፣ የገብሱ ዱቄት የት ይገባል? ጣራ ላይ መጫን ነው። ቁመቱ ረጅም የሆነ መኪና ጭነቱን ጣራው ላይ ተሸክሞ፣ ሰባት ሰው ይዞ በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ቁልቁል ሲወርድ ልጆቼ ውስጡ እንዲሆኑ አልፈልግም።

ማታ ደብተር አውጥቼ ያለፈውን ዓመት ቆጠርኩ። ሰባታችንም በአንድ መኪና የሄድነው ለፍቼ ጨምበላላ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለአንድ ሠርግ ነው። አራት ቀን። የቀረውን ዓመት እኔ ብቻዬን ወይም ከሁለት ልጅ ጋር ነው የተጓዝኩት፤ እናቴን ሳመላልስም ከሦስት ሰው በላይ ሆነን አናውቅም። ለአራት ቀን ወንበር ብዬ የቀረውን 361 ቀን የሚያገለግለኝን ጎማ ልተው? ደብተሩን ለባለቤቴ ሰጠሁት። አንብቦ ዝም አለ፤ በነጋታው «በዓል ሲሆን እኔና ትልቁ በአውቶቡስ እንሄዳለን» አለኝ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ቀን የወደድኩት ጥቂት ነው።

ስለ ሞተሩም ልንገራችሁ፤ ይህንንም በጋዜጣ አይቼው አላውቅም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። የራሹ 104 የፈረስ ጉልበት ሀገረ ሰላም ላይ ሰማንያ አይሞላም። ቪታራው ከ117 ገደማ ስለሚነሣ ከሰማንያ በላይ ይተርፈዋል፤ ክብደቱም ከራሹ ወደ አንድ ኩንታል ያህል ይቀላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የማርሹ ነገር ነው። አውቶማቲክ ራሽ ያለው አራት ማርሽ ነው፤ እኔ የገዛሁት ዓይነት አውቶማቲክ ቪታራ ስድስት አለው። ኪኒኑ ሙሉና ግማሽ ብቻ ሆኖ ሲመጣ ለታማሚው የሚስማማውን መጠን ማግኘት ያስቸግራል፤ ሩብም ሲኖር ይቀላል። ማርሹም እንዲሁ ነው። ከአለታ ወንዶ በላይ ባለው ዳገት ራሹን ስነዳው፣ ሦስተኛው ሲከብደው ወደ ሁለተኛ ይወርድና ሞተሩ ይጮኻል፤ ቀለል ሲለው መልሶ ይወጣል፤ ደግሞ ይከብደዋል። ባለቤቱ አብሮኝ ተሳፍሮ እስከዚያ ድረስ እንድነዳው የፈቀደልኝ ነጋዴ ነው፤ ለዚህ ቅንነቱ አመሰግነዋለሁ።

ራሹን ላሳንሰው አይደለም። ከሐዋሳ ሻሸመኔና ዝዋይ በአስፋልት ለሚመላለስ፣ ልጆቹ ገና ትናንሽ ለሆኑ ትልቅ ቤተሰብ ከቪታራው የሚሻል ይመስለኛል። ለኋላ ተቀማጮች የብቻው የሚነፍስ ማቀዝቀዣ አለው፤ የኮብልስቶኑን ጉድጓድና የሰፈራችንን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንደ ምንም ያልፈዋል። የእኔ መንገድ ሌላ ሆኖ ነው።

ባለ መዘውሩን ቪታራ ያገኘነው ከአራት ወር በኋላ ነው። ግራጫ መኪና፤ ባለቤቷ ለትምህርት ወደ ውጭ የምትሄድ ሐኪም ነች። ከዚያ በፊት የጠየቅኋቸው ሁለት ሻጮች መኪናቸው ከሰፈር ዞሮ ከመመለስ ያለፈ እንዳይነዳ ከልክለውኛል፤ አንዱማ «ካላመንሽ ተይው» ብሎ ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝ። ለሐኪሟ ግን እውነቱን ነገርኳት። «ጋኑን በራሴ ገንዘብ እሞላለሁ፣ አንቺም አብረሽኝ ነዪ፤ እናቴ ደጅ ድረስ ነድቼ ካልወጣሁ አልገዛም» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «መቼ እንሂድ?» አለች።

የሄድነው ነሐሴ ውስጥ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት ቀን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሐኪሟ፣ መካኒኩና ልጄ፤ አምስት ሰው። ኋላው ላይ ሆን ብዬ ሃምሳ ኪሎ ስኳር ጭኜበታለሁ፤ ስኳሩ ለእናቴ ቤት ነው። ድልድዩን አልፈን ዳገቷ ሥር ስንደርስ ቆምኩ። ከፊታችን የሄደ የጭነት መኪና ጎማ ሁለት ጥልቅ ቦይ ጥሎ አልፏል፤ በቦዩ ውስጥ ቀይ ውኃ ይወርዳል። መዘውሯን ስኖው ላይ አደረግሁ። ስሙ የበረዶ ቢሆንም ጥርጊያ መንገድና የሚያዳልጥ መሬት ሁሉ የእሱ ነው። ግማሽ ድረስ ያለ ችግር ወጣን። ከዚያ የፊቱ ጎማ ሾለከ፤ ሲሽከረከር ሰማሁት፤ ጭቃው መስኮቱ ላይ ተረጨ። መካኒኩ ከኋላ ወንበር «ሎክ አድርጊው፣ ነዳጁን አትልቀቂ፣ አትጨምሪም» አለኝ። አዞርኩት። ለአንድ አፍታ ቆመን ቀረን። ቀጥሎ ከኋላችን አንድ ሰው ትከሻውን ደግፎ የገፋን ያህል ተሰማኝ፤ መኪናው ቀስ ብሎ፣ እንደ በሬ፣ ወጣ። ማንም አልወረደም። ልጄ አጨበጨበ፤ ሐኪሟ መኪናዋን እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሙሉውን መናገር አለብኝና፣ ያኔ ዳገቱን ጨርሰን ወደ ግቢው ስንታጠፍ የመኪናው ሆድ በቦዮቹ መሐል የቆመውን አፈር ጠረገው። ቪታራው ከመሬት የሚርቀው 18 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ከራሹ በሁለት ጣት ያህል ያንሳል። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ያለው ይህንን ነበር፤ አልተሳሳተም። ራሹ ያን አፈር ሳይነካ ያልፈው ነበር፤ እዚያ ድረስ መውጣት ከቻለ። መካኒኩ ከሥሩ ገብቶ አየና ጉዳት የለውም አለ፤ ከዚያ ወዲህ ቦዩን ትቼ ጎማዬን ጉብታው ላይ አድርጌ መሄድን ለምጃለሁ።

መለዋወጫም ለቶዮታ ይቀላል። ሐዋሳ ውስጥ የራሽ የፍሬን ሸራ ስጠይቅ በሦስተኛው ሱቅ አገኘሁ፤ የቪታራውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ስድስት ቀን ፈጀ። ለዚህ ብዬ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ አንድ አንድ ትርፍ ገዝቼ መድኃኒት ቤቱ መጋዘን አስቀምጫለሁ። የሁለቱም ሞተር በቺንጊያ ሳይሆን በሰንሰለት የሚሠራ ስለሆነ በየጊዜው ይቀየር የሚባለው ትልቅ ወጪ ግን ለሁለቱም የለም። ቶዮታ ቶሎ ይሸጣል የሚባለውም እውነት ነው። እኔ መኪና የምገዛው ልሸጠው አይደለም፤ እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ልነዳው ነው።

ነዳጁንም ለክቼ ነበር፤ ቤንዚን በእኛ አቆጣጠር በ2017 በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ የማይለካ የለም። በሁለቱም መኪናዎች ጋን ሞልቼ፣ አለታ ወንዶ ደርሼ ተመልሼ፣ እንደገና ሞልቼ አየሁት። ልዩነቱ ሁለት ሊትር አልሞላም። ሰው በዚህ ብዙ ሲከራከር እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን ምርጫውን የሚወስን ሆኖ አላገኘሁትም።

እናቴን ከሁሉ መጨረሻ ላይ አመጣኋት፤ መጀመሪያ መሆን ነበረባት። ራሹን ይዘን የመጣን ጊዜ አለታ ወንዶ እህቴ ቤት ነበረች፤ ልትገባ ስትሞክር አይቻታለሁ። የወንበሩ ጠርዝ ከዳሌዋ ከፍ ይላል። በደህናው እግሯ ረግጣ፣ የታመመውን ወደ ላይ መሳብ አለባት፤ ያ ደግሞ እግሯን የሚከታተለው ሐኪም አታድርጊ ያላት እንቅስቃሴ ነው። የእህቴ ልጅ በርጩማ አመጣችላት። በአንድ እጇ የበሩን ክፈፍ፣ በሌላው የእኔን ትከሻ ይዛ ወጣች፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ቪታራው ጋ በርጩማ አላስፈለገም። ጀርባዋን ሰጥታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ አዙራ አስገባች፤ ምርኩዟን ጉልበቷ መሐል አቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ በሲዳምኛ «ይህስ ሰው አይጥልም» አለች።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። በመኪና ገበያ ገጻችሁ ላይ ከስሙ፣ ከዘመኑና ከዋጋው ቀጥሎ ሦስት አጫጭር ቃላት ጨምሩልን፤ ሞተሩ የሚያዞረው የፊት፣ የኋላ ወይስ አራቱንም ጎማ፤ ማርሹ ስንት እንደሆነ፤ ሆዱ ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚርቅ። ሻጩ ካላወቀ «አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉ፤ ያኔ ገዢው ካርቶን ይዞ ይሄዳል። ቪታራን በሐዋሳ ወይም በይርጋለም ከአምስት ዓመት በላይ የነዳችሁ አንባቢዎች ካላችሁ ደግሞ የፊት እግሩ ኩሽኔታና የኋላው ዲፍረንሻል እንዴት እንደቆየላችሁ በዚሁ ገጽ ጻፉልኝ። የሚቀጥለው የእናቴ ቀጠሮ ጥቅምት 12 ነው፤ ከዚያ በፊት መኪናውን ጋራዥ አስገባለሁ፤ ምን አስቀድሜ እንደማስፈትሽ ከእናንተ ብሰማ ይጠቅመኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከሐዋሳ